«ትምህርት እንጀምር ስለው ጠረጴዛ ሥር ይገባል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ቤት ውስጥ በጨዋታ ስለማስተማር የሚጠይቁ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልለናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ተኩል ሆኖታል። ቤት ላስተምረው ወስኜ ፕሮግራም አወጣሁ፤ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሥዕል፣ እንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። በሦስተኛው ቀን «ትምህርት እንጀምር» ስለው ጠረጴዛ ሥር ገባ። አሁንማ ወንበሩን ሲያይ ያለቅሳል። ሰነፍ ልጅ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? (እናት)

መልስ፦ ማናችሁም አላጠፋችሁም፤ ፕሮግራሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ይግባ። ልጅዎ መማር አልጠላም፤ የጠላው መቀመጡን ነው። በዚህ ዕድሜ አዋቂ የሚመራው ሥራ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ባያልፍ፣ በቀንም ከሁለቴ ባይበልጥ እንመክራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ ከዚህም 60ው ደቂቃ ልብ የሚያስመታ ሩጫና ዝላይ እንዲሆን ይመክራል። እንቅልፉ ደግሞ የቀኑ ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው። እነዚህን ደምረው፣ መብላት መታጠቡን ሲያክሉበት፣ ለወንበር የሚተርፈው ጊዜ ስንት እንደሆነ ይታይዎታል።

ሰዓቱን ትተው ቅደም ተከተሉን ይያዙ። ቁርስ፣ አብሮ ዕቃ ማንሣት፣ ረጅም ጨዋታ፣ ውጭ መውጣት፣ ምሳ፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ዕረፍት፣ አጭር ሥራ፣ እንደገና ጨዋታ። ልጁ «ቀጥሎ ምን አለ?» የሚለውን ካወቀው ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። ቁርሱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ቀኑ አይበላሽም፤ ሁሉም ተከትሎት ይዘገያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ረጅሙ ጨዋታ ነው፤ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ። ለምን ይህን ያህል? ልጅ መጀመሪያ ላይ አንዱን ያነሣል፣ ይጥላል፣ መስኮት ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል። ይህ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ወላጅ «ሰለቸው» ብሎ አዲስ ዕቃ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ ዕቃ ደግሞ ልጁን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ትንሽ ቢታገሡት የሚፈልገውን አግኝቶ ይሰምጥበታል።

ዝግጅቱ ማታ ይለቅ። ምንጣፍ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያስቀምጡ። አንዱ የሚገነባበት፣ ለምሳሌ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ የሚደራረቡ እንጨቶች፤ ሌላው እንደፈለገ የሚያደርገው፣ ለምሳሌ ባዶ ካርቶን፣ ሁለት ጨርቅ፣ የእንጨት ማንኪያ። ሲጨርሱ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ያለ እኔ ሊጀምረው ይችላል?» ካልቻለ ያቅልሉት። ከዚያ በአጠገቡ ተቀምጠው የራስዎን የእጅ ሥራ ይሥሩ። ልብስ ማጠፍ ጥሩ ነው፤ ስልክ ግን አይሆንም፤ ልጁ የሚያየው እጅዎ ሲሠራ ሳይሆን ዓይንዎ ሲጠፋ ነውና።

ዝም ማለት ይከብዳል፣ እናውቃለን። «ይህ ቀለም ምንድን ነው? ስንት ሆነ?» እያሉ መጠየቅ ጨዋታውን ፈተና ያደርግበታል። በምትኩ የሚያዩትን ይናገሩ፤ «ረጅሙን ከታች አደረግኸው»። ከዚያ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ቆጥረው ሳይጨርሱ እሱ ራሱ ይናገራል።

ጨዋታው ሲያበቃ «5 ደቂቃ ቀርቶሃል» ማለት ለ3 ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። «ሁለት እንጨት ጨምርና እናነሣለን» ቢሉት ግን ይገባዋል። ከወንበሩ ጋር ለመታረቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠረጴዛው ላይ ምንም አያስተምሩት፤ መሬት ላይ ይሁን ሁሉም።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። እስከ 50 ትቆጥራለች። «5 ማንኪያ አምጪ» ስላት ግን እጇ የቻለውን አፍሳ ትመጣለች። ታሾፍብኛለች? (አባት)

መልስ፦ አታሾፍም። እስከ 50 የምታውቀው ዜማውን ነው። መቁጠር ሦስት ነገር ይዟል፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል ማወቅ፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ቃል ብቻ መስጠት፣ የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው ብዛት መሆኑን መረዳት። ሦስተኛው ከሁሉም ኋላ ይመጣል። ምልክቱ እንዲህ ነው፤ አምስት ቆጥራ ስትጨርስ «እና ስንት ናቸው?» ቢሏት መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና ከ1 ትጀምራለች።

ከ50 ተመልሰው ከ2ና ከ3 ይጀምሩ፤ ማፈር አያስፈልግም። ብዛቱን አስቀድመው ይናገሩ፣ ይቁጠሩ፣ ብዛቱን ይድገሙ፤ «3 ማንኪያ። 1፣ 2፣ 3። 3 ማንኪያ»። ስትቆጥር ዕቃውን ከአንድ ሣህን ወደ ሌላ እያዛወረች ይሁን። በጣት መጠቆም ብቻ ከሆነ ምላስ ከጣት ይቀድማል፤ አንዱን ሁለቴ፣ ሌላውን ዘልላ የምትቆጥረው ለዚህ ነው። 3 ስጪኝ ሲሏት ሳትሳሳት ለጥቂት ቀናት ከሰጠች ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 5። የሳህን ዝርጋታ ከማንኛውም ደብተር ይበልጣል፤ ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ። ቢጎድል የሚያርማት ያለ ማንኪያ የቀረው ሰው ነው፣ እርስዎ አይደሉም።

5ን ስትጨብጥ ይህን ጨዋታ ይሥሩላት። ረጅም ካርቶን ላይ እኩል የሆኑ 10 ሳጥኖች በአንድ መስመር ይሥሩና ከ1 እስከ 10 ይጻፉባቸው። የአንድ ዳይስ (ተጥሎ ዕጣ የሚወጣበት ኩብ) ስድስት ፊት በወረቀት ሸፍነው ሦስቱ ላይ 1፣ ሦስቱ ላይ 2 ነጥብ ያድርጉ፤ በየተራ እየጣሉ በወጣው ልክ ወደ ፊት መሄድ ነው። ቁም ነገሩ አጠራሩ ላይ ነው። 4 ላይ ቆማ 2 ከወጣላት «1፣ 2» ብላ ሳይሆን «5፣ 6» ብላ ነው የምትሄደው። በየዕጣው ከ1 ከጀመረች መንገዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስትሳሳት አያቋርጧት፤ በራስዎ ተራ ሲደርስ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በትክክል ይጫወቱ።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎት። ሁለት እኩል የጠጠር መስመሮች ደርድረው አንዱን ቢያራርቁት «ይሄኛው ይበልጣል» ትልዎታለች፤ ቆጥራውም እንኳ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ይህን በሚገባ አጥንቶታል። በክርክር አይፈታም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ዓመት ሲሆናቸው በራሱ ይጠራል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ እኔ ነኝ የማስተምረው። እርሳሱን እንደ ዱላ ጨብጦ ነው የሚጽፍ። ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል፤ አንዷን ነጥዬ ሳሳየው ግን አያውቃትም። እጁን ይዤ ላስጽፈው? (አያት)

መልስ፦ እናታችን፣ እጁን አይያዙት። ሲይዙት የሚጽፈው የእርስዎ እጅ ነው፤ የእሱ ጣቶች ዝም ብለው ይጓዛሉ።

ስለ አያያዙ፤ ልጆች መጀመሪያ በጭብጥ፣ ከዚያ በጣቶቻቸው ወደ ታች ተጭነው፣ ኋላ በሦስት ጣት ይይዛሉ። ሦስተኛው በ4 ዓመት ያልመጣለት ልጅ ብዙ ነው። በምክር አይመጣም፣ በመሣሪያ ግን ይመጣል። ክሬዮኑን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይስበሩት፤ ለጭብጥ ቦታ ስለሌለው ጣቶቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ወረቀቱን ደግሞ ግድግዳ ላይ በዓይኑ ትክክል ይለጥፉለት፤ ቀጥ ባለ ነገር ላይ ሲሥል አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፍና አውራ ጣቱ ነጻ ይወጣል። ከዚህ ሌላ ወረቀት መቅደድ፣ እስፖንጅ መጭመቅ፣ የልብስ መቆንጠጫ በካርቶን ጠርዝ ላይ መደርደር፣ ጫፉ ድፍን በሆነ መቀስ መቁረጥ፤ ይህ ሁሉ የጽሕፈት ትምህርት ነው፣ እርሳስ ባይኖርበትም።

መሣሉም ተራ አለው። ቀጥ ያለ መስመር በ2 ዓመት ገደማ፣ ክብ በ3፣ የመደመር ምልክት በ4፣ አራት ማዕዘን በ4 እና በ5 መካከል፣ ሦስት ማዕዘን ከ5 ወዲህ። የመደመር ምልክት ማቋረጥ ያልቻለ ልጅ «ተ»ን ቢያስጽፉት ትግሉ ከፊደሉ ጋር አይደለም፤ ከመስመሩ ጋር ነው።

ገበታውን በቃሉ መውጣቱ ከላይ እንደጻፍነው ቆጠራ ነው፤ ዜማ ይዟል። ነጥለው «ሙ»ን ሲያሳዩት ከ«መ» ተነሥቶ ሲያዜም ሰምተውት ይሆናል። መንገዱ ከጆሮ ይጀምራል። ቃል እየጠሩ ያጨብጭቡ፤ ሳ-ሙ-ና፣ ሦስት ጭብጨባ። ቀጥሎ «በሳ የሚጀምር ነገር አየሁ» እያሉ ቤት ውስጥ ያፈላልጉ። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ያግዛል፤ አብዛኛው ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ልጁ «ሳ»ን ከሳሙና ላይ መንጠል አይቸግረውም። «ቤት» ሲሉት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያጨበጭብ ግን አይቆጡት። ፊደሉ ሁለት ቢሆንም ጆሮው የሰማው አንድ ነው፤ ልክ ነው።

ከጆሮ ወደ ዓይን ሲመጡ በገበታው ተራ አይሂዱ። የራሱን ስም ፊደሎች እያንዳንዳቸውን በካርድ ይጻፉለት፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጡ። ይደብቁና ይፈልግ፤ ያደባልቁና ስሙን ይሥራ። ዙሪያው ከፍ ባለ ትሪ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አንጥፈው በጣቱ ይጻፍበት፤ ቢሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ላጲስና ጠባሳ የለም። ሲያሰፉት ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን በአንድ ሳምንት አያስተምሩት። ልዩነታቸው ከላይ ያለች ትንሽ ምልክት ብቻ ስለሆነች ሁለቱንም ያሳጡታል። አንዱ ሥር ሲሰድ ሌላው ይምጣ። ፊደል ገልብጦ መጻፉ እስከ 7 ዓመት ገደማ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ቤት የሠራሁት የመጫወቻ ሊጥ አንድ ጊዜ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አንድ ጊዜ ይፈረፈራል። ልኩ ስንት ነው?

መልስ፦ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ 2 ኩባያ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ጨውን በሙቅ ውኃ አስቀድመው ያሟሙት፤ ካልሟሟ ሊጡ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሁሉንም ቀላቅለው በዝግታ እሳት ላይ ከድስቱ ዳር ዳር ለቅቆ እስኪሰበሰብ ያማስሉ። ሲበርድ ይሹት።

የሚጣበቀው ሳይበስል ስለወጣ ነው፤ ወደ እሳት ይመልሱት። ዱቄት መጨመር ለጊዜው ያድናል፤ በማግሥቱ ግን የሚሰነጣጠቀው በዚያ ምክንያት ነው። የሚፈረፈረው ውኃው አልቆበት ነው፤ እጅዎን አርጥበው ይሹት። ሳይበርድ ክዳን ከገጠሙበት እንፋሎቱ ውስጥ ቀርቶ ያረጥበዋል፣ ይሻግታልም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ጨው ከአየር ውኃ ስለሚስብ ላዩ ይረጥባል፤ ያኔ ትንሽ ዱቄት ይነስንሱበት። ጨው የበዛበት ነውና ማንኛውንም ነገር ወደ አፉ የሚከት ልጅ ብቻውን አይተውበት፤ ቤት ውስጥ ውሻ ካለም ሊጡን ያርቁ፤ ለውሻ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ለሠራችው ሁሉ ስቲከር እሰጣት ነበር። አሁን 5 ዓመቷ ሲሆን ለሥዕልም «ምን ትሰጪኛለሽ?» ማለት ጀመረች።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት አለ» አሏቸው። በኋላ በነጻ ጨዋታ ሰዓት እነዚህ ልጆች ቃል ካልተገባላቸው ይልቅ በጣም ጥቂት ሣሉ። ሳይጠብቁት ሽልማት ያገኙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ጉዳቱን ያመጣው አስቀድሞ የተቆረጠው ዋጋ ነው።

ስለዚህ ስቲከሩን ከምትወደው ሥራ ላይ መጀመሪያ ያንሡ፤ ለማትወደው፣ ለምሳሌ ለጥርስ መቦረሽ፣ ለጊዜው ቢቆይ ግድ የለም። ለጥቂት ቀን ትነጫነጫለች፣ ምናልባትም ጨርሶ አትሥልም። አይለማመጧት። ቀለሙንና ወረቀቱን በምትደርስበት ቦታ ትተው እርስዎ ለራስዎ ይሣሉ። «ጎበዝ» ማለት መርዝ አይደለም፤ ግን ምን እንደሠራች አይነግራትም። «ሰማያዊውን ከቢጫ ጋር ቀላቅለሽ አረንጓዴ አወጣሽ» ቢሏት ነገም ትሞክረዋለች።

ጥያቄ፦ አንዱ 2 ዓመቱ፣ አንዷ 4 ተኩል። እሷ የሠራችውን እሱ ያፈርሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል። አንድ ላይ ማስተማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ግን አይሆንም። ትንሹ መወርወርን ነው እያጠና ያለው። አንዳንዱ ልጅ ለወራት ይሸከማል፣ አንዳንዱ ይጠቀልላል፣ አንዳንዱ ያሽከረክራል፤ የእርስዎ ይወረውራል። ከከለከሉት ሌላ ነገር ይወረውራል፤ የሚወረወር ይስጡት። የተጠቀለሉ 10 ካልሲዎች፣ አንድ ቅርጫት፣ መጀመሪያ በ1 ሜትር፣ ኋላ በ2 ሜትር ርቀት። ለማፍረሱም ባዶ ካርቶኖች ደርድረው «ይሄ የሚፈርሰው ነው» ይበሉት።

የእሷ ሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ የእሱ መሬት ላይ ይሁን። «አካፍዪው» እያሉ አያስጨንቋት፤ በ2 ዓመት ልጆች የሚጫወቱት ጎን ለጎን እንጂ አብረው አይደለም። ከአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት መግዛት ከስብከት ይሻላል። ሁለቱም የሚስማሙበት ውኃ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ፣ መጠናቸው የተለያየ ኩባያዎች፣ ማጥለያ፣ እስፖንጅ፤ ሥሩ ፎጣ። እሷ ስንት ኩባያ ትልቁን እንደሚሞላ ትቆጥራለች፣ እሱ ይደፋል። ሕፃን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ሊሰጥም ስለሚችል ለአንድ ደቂቃም አይነሡ፤ ሲያበቃ ያኔውኑ ይድፉት።

ዶቃና ጠጠር ነገርን በተመለከተ የሽንት ቤት ወረቀት መጠቅለያ ካርቶኑን መለኪያ ያድርጉት። በውስጡ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ጥሬ ቦሎቄም ለመጫወቻ አይሁን፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ቀዩ ደግሞ ጥሬውን መርዛማ ነው። እንደ ቁልፍ ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ወይም ማግኔት ውጦ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ክፍሉ በመጫወቻ ተሞልቷል፤ ልጁ «ሰለቸኝ» ይላል።

መልስ፦ ስለተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት ሕፃናት 16 መጫወቻ ከቀረበላቸው ጊዜ ይልቅ 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተለያየ መንገድም ተጫውተዋል። ከ8 እስከ 10 ዕቃ ብቻ ያስቀሩና ሌላውን በካርቶን ይደብቁ። ለሁለት ሳምንት ያልተነካ ካለ ይቀይሩት። የሚደራረቡትን እንጨቶች ግን አይደብቋቸው፤ እነሱ አያልቁም። እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን የሕፃናት ተቋሙን የከፈተው ፍሬድሪክ ፍሮብል ለልጆች ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ 8 ትናንሽ ኪዩቦች ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ያሉ የፊደል ጨዋታዎችስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል፣ ካነሰ ደግሞ ይሻላል። ካዩ አብረው ይዩ፤ ሲጠፋ ያዩትን በእጃቸው ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመቱ ነው፤ የሚለው ለእኛ እንጂ ለሌላ ሰው አይገባም። ስጠራውም «ሲፈልግ ብቻ ነው የሚሰማው»። መጽሐፍ ባነብለት ይሻሻላል?

መልስ፦ መጽሐፉ ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ የጆሮ ምርመራ ያስደርጉ። በ3 ዓመት የልጅ ንግግር ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሰውም መግባት አለበት። «ሲፈልግ ነው የሚሰማው» የሚባሉ አንዳንድ ልጆች አንዱን ድምፅ ሰምተው ሌላውን የማይሰሙ ሆነው ይገኛሉ፤ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ መስማትን አንድ ጊዜ እየቀነሰ አንድ ጊዜ ሊመልስ ይችላል። ቤት ውስጥ ሳህን አንኳኩቶ መሞከር ምርመራ አይሆንም፤ ንዝረቱንና ጥላዎን አይቶም ሊዞር ይችላልና። ቀጠሮው እስኪደርስ ፊቱን እያዩ፣ በቁመቱ ልክ ዝቅ ብለው ያናግሩት። ያንኑ አንድ መጽሐፍ በየቀኑ ያንብቡለት፤ ሲለምደው የአንድ ገጽ መጨረሻ ቃል ላይ ያቁሙና እሱ እስኪጨርሰው ይጠብቁ። አጣሞ ቢጠራው «እንዲህ በል» አይበሉት፤ ቃሉን በትክክል ደግመው ገጹን ይግለጡ።